ስድስት ዴሲቤል የበላብኝ የእህቴ ልጅ

ድሮ ካሊብሬሽን ማለት አንድ ካቻቢቴና ብዙ ትዕግሥት ነበር። ኤችፒ 8640ቢ የሚባለው፣ ብቻውን ያነሳውን ሰው ወገብ የሚይዝ ሲግናል ጄኔሬተር፣ ክዳኑን ስትከፍተው ማስተካከያዎቹ ይታዩሃል። ትንሽ ታዞራለህ፣ ቆጣሪውን ታያለህ፣ ደግሞ ትንሽ ትመልሳለህ። አበቃ። “አፕዴት አድርገኝ” ብሎ ለምኖኝ አያውቅም።

አሁን ወርክሾፔ ያለችው በአንድ እጅ የምትነሳ፣ ስክሪኗ የሚያምር ሳጥን ናት። ልኳ የተቀመጠው ሜሞሪዋ ውስጥ በተጻፉ ቁጥሮች ነው። እነዚያን ቁጥሮች የሚነካ አይጠፋም ብዬ ስሰጋ የእህቴ ልጅ መጣ።

“ጋሼ፣ ይቺ እኮ 120 ሜጋኸርዝ መሥራት ትችላለች። 60 ላይ የቆለፏት በሶፍትዌር ነው። ፈርምዌሯን ብንነካካው በነፃ...”

ነፃ! በዕድሜዬ ነፃ ተብሎ ያላስከፈለኝ ነገር የለም። እምቢ አልኩት። ምሳ በልቼ ስመለስ ሠርቶ ጨርሷል። 120ው ተገኘ፣ የካሊብሬሽኑ ቁጥሮች ግን የሉም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

“ባክአፕስ?” አልኩት። ዝም። ቆይቶ፣ “ሞዴሉ አንድ ነው፣ የሌላ ሰው ፋይል እንጫንባት” አለኝ። ሞዴሉ አንድ ስለሆነ የጎረቤቴን መነጽር አድርጌ ጋዜጣ ላንብብ? እያንዳንዷ ዕቃ የራሷ ጉድለት አላት፤ ቁጥሮቹም ያንን ጉድለት ማካካሻ ናቸው።

ይሁን፣ እንደገና እናስተካክላት ተባባልን። ፍሪኩዌንሲዋ ብዙ አላስቸገረም። አንድ ሰዓት ልናሞቃት አስበን ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ ከሀ ጀመርን። ከጂፒኤስ በሚታረመው 10 ሜጋኸርዝ ስናስተያያት በ23 ኸርዝ ትፈጥናለች። ትንሽ ይመስላል፤ 100 ሜጋኸርዝ ላይ 230 ይሆናል። እሱን አረምን።

ጣጣው ሌቭሉ ላይ ነው። ዜሮ ዲቢኤም ማለት 50 ኦም ላይ አንድ ሚሊዋት ነው፤ ኦሲሎስኮፕ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.632 ቮልት። እኔ ስልክ ላነሳ ዞር ስል ልጁ ኬብሉን በቀጥታ ኦሲሎስኮፑ ላይ ሰካው። 50 ኦም ጭነት የለ፣ ምን የለ። ያለ ጭነት ደግሞ ቮልቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚታየው፤ 1.26 ገደማ። “በዛ” ብሎ በግማሽ አወረደው፣ ሴቭ አደረገና ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ሚሊዋት ስጪ ስትባል ሩብ ነው የምትሰጠው። ስድስት ዴሲቤል ተበላ! እኔ ምን አውቄ? በሷ የፈተንኩት ሬዲዮ ሁሉ ደንቆሮ ሆነብኝ። የደህናውን ሬዲዮ የፊት ትራንዚስተር ነቅዬ ቀየርኩ፤ ያው ነው። የሌላውንም ቀየርኩ፤ ያው። ሦስተኛው ላይ ብየዳዬን አስቀምጬ አሮጌውን ፓወር ሜትሬን ከመደርደሪያ አወረድኩ። እሱ አይዋሽም፦ ከዜሮ በታች ስድስት።

“50 ኦሙን ለምን አልሰካህም?”

“ፈልጌ አጣሁት፣ ጋሼ።”

ሳጥኔን ገለበጥኩት። እውነቱን ነው፣ የለም። ለካ ከጥምቀት በፊት አንድ ወዳጄ “ለአንድ ቀን” ብሎ ወስዶታል።

ሌቭሏን በፓወር ሜትሩ መልሼ ሞላሁ፤ ቁጥሮቹንም ደብተር ላይ በእጄ ጻፍኩ። አንተ ወዳጄ ግን፣ ይሄን የምታነብ ከሆነ፣ ያቺን የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ብረት መልስልኝ።