ግፊ የማትቀበል መኪና

የአዲስ አበባ ሰው ሳይጠራ የሚመጣው ለሁለት ነገር ነው፤ ለለቅሶና መኪና ለመግፋት። አንዲት ቮልስ መንገድ ላይ አልነሳም ካለች ሊስትሮው ብሩሹን፣ ሎተሪ አዟሪው ዕጣውን አስቀምጦ ከኋላ ይሰለፋል። አንዱ «ሁለተኛ አስገባ!» ይላል፣ ሌላው «ፍሪሲዮን ልቀቅ!» ይላል፣ እሷም ተንገጫግጫ የገፏት ሰዎች ፊት ላይ ጭሷን ተፍታ ትነሳለች። ባለቤቷ መልሳ እንዳትጠፋበት ስለሚፈራ ሳይቆም በመስኮት እጁን አውጥቶ ያመሰግናል። ማንም አይቀየመውም።

ሀይብሪድ ይህን ሥርዓት አታውቅም። የኔዋ ፕሪየስ የ2006 እ.ኤ.አ. ሥሪት ናት፤ አሜሪካ ጎልምሳ የመጣች። የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላትም፣ እንደ ሌላው መኪና ሞተሪኖ የላትም፣ ቁልፍ ማዞር የሚባል ነገርም የለም። ፍሬን ረግጦ አንድ ክብ ማብሪያ መጫን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚል ጽሑፍ ከበራ ተነስታለች፤ ካልበራ ጸሎት ነው።

ደምበል ደጃፍ አቁሜያት፣ ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ፣ የማውቀውም የማላውቀውም መብራት ሁሉ ቦግ አለ። ሦስት ማዕዘኑ በራ፣ የፍሬኑ ምልክት በራ። «ሬዲ» ብቻ ቀረ። ከዳሽቦርዱ ሥር የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል።

ወዲያው ጉባኤው ተሟላ። ፓርኪንግ የሚያስከፍለው ልጅ መጣ፤ ካቻቢቴ ኪሱ ውስጥ የማያጣ አንድ ወጣት መጣ፤ ድሮ ኤንትሬ ይነዱ እንደነበር ከሰላምታቸው ቀጥለው የነገሩን አንድ አዛውንት መጡ። ኮፈኑን ከፈትኩት። ሁሉም አንገቱን አስገባ፤ ሁሉም እኩል ቀና አለ።

«ባትሪ የላትም!» አለ ባለ ካቻቢቴው።

«ተሰርቋላ!» አሉ አዛውንቱ።

የፓርኪንጉ ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ ሙት፣ ከዚህች ንቅንቅ አላልኩም! ማንም አልነካትም!» ባትሪዋ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል እንደምትቀመጥ ብነግረውም አላመነኝም፤ አዛውንቱም «መኪና ባትሪውን የት እንደሚይዝ ለኔ ነው የምትነግረኝ ልጄ?» ብለው ቅር አሉ። በዚህ መሀል ባለ ካቻቢቴው ወደ ብርቱካናማዎቹ ወፋፍራም ሽቦዎች ሲጠጋ ጮኼ አስቆምኩት። በእነዚያ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከሰው ጋር አይቀልድም።

አንድ ደላላም አልጠፋም። «ባለችበት ስንት ይላሉ?» አለኝ፤ ያውም ሳትነሳ! አልፈረድኩበትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አይገባም ተባለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ቆሞም ገዢ አያጣም። የኔዋ እንኳ ከፊል ቤንዚን ከፊል ኤሌክትሪክ ስለሆነች፣ የትኛው ጎኗ እንደተወደደና የትኛው እንደተጠላ ደላላው ራሱ ለይቶ አልነገረኝም።

የማምነው መካኒክ ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲነሳ እሱም ተነሳ፤ ስልኩም አብሮ ተነሳ መሰለኝ፣ አይጠራም። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ጋ ደወልኩ፤ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል፣ ያውም ፕሪየስ። እዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ሊነጋጋ ነው፤ ታክሲ ነጂ ግን መቼ ይተኛል?

«ትንሿ ባትሪ ናት» አለኝ፣ ገና ሳልጨርስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኋላ ወንበር ጀርባ የተኛው ትልቁ ባትሪ 201.6 ቮልት ነው፤ ባለ 7.2 ቮልት 28 ቁራጭ ተደርድሮ። ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው። ግን ብቻውን ምንም አያደርግም፤ መስመሩን የሚያገናኙለት መቀያየሪያዎችም ኮምፒውተሩም የሚሠሩት ከአንዲት ተራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሷ ስትደክም፣ ዘበኛው ቁልፉን ታቅፎ ተኝቶ ባለሥልጣኑ ደጅ ቆመ ማለት ነው። መግፋትም የለም፤ ያለ እሷ መኪናዋ ከ«ፓርኪንግ» አትላቀቅም።

«የኋላውን በር ከፍተህ...» ሊለኝ ብሎ ራሱ ሳቀ። የኋላው በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪዋን ለማግኘት በሩ መከፈት አለበት፤ በሩ እንዲከፈት ባትሪዋ መሥራት አለባት። ይህን የነደፈ ጃፓናዊ አንድ ቀን ቀበሌ ተመላልሶ መሆን አለበት።

ደግነቱ መላም አስቀምጦለታል። ኮፈኑ ሥር፣ የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ክዳን ያለው አንድ ብረት አለ፤ ፖዘቲቩ እዚያ፣ ኔጌቲቩ ደግሞ ቀለም ያልነካው የሞተር ክፍል ብረት ላይ። የቀረው አበዳሪ መኪና ነው። ከኦሎምፒያ በኩል አንድ ሰማያዊ በነጭ ላዳ ሲመጣ የፓርኪንጉ ልጅ መሀል አስፋልት ገብቶ አስቆመው።

ላዳው ሞተሩን እያንደቀደቀ ኬብሉ ታሰረ። ፍሬን ረገጥኩ፣ ተጫንኩ። «ሬዲ» በራ!

«ተነሳች!» አልኩ።

ጉባኤው ጆሮውን ሰጠ። ዝም። ምንም ድምፅ የለም።

«ምኗ ነው የተነሳው?» አሉ አዛውንቱ በሐዘኔታ። «ልጄ፣ ሬሳ ላይ ነው የተቀመጥከው። በል ውረድ፣ እኛ...» ብለው ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ ሞተሩ ራሱ በራሱ ብርር ብሎ ተነሳ። «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ሲሉ ደላላው ደግፎ ያዛቸው።

የላዳው ሾፌር ኬብሉን እየጠቀለለ መኪናዬን ዞሮ አያት።

«በአንድ ሊትር ስንት ትሄዳለች?»

«ከተማ ውስጥ ሀያ ያህል።»

ምራቁን ዋጠ። ወዲያው ግን በስፒከር ላይ ወዳለው ስልኬ ጠቆመኝ፤ የአጎቴ ልጅ አሁንም «ባትሪዋን ቀይራት፣ የአየር ማስገቢያውንም አቧራ አስጠርግ» እያለ ይመክራል።

«ጥሩ ናት» አለ ሾፌሩ። «የኔዋ ግን ስትታመም ሶማሌ ተራ ነው የምደውለው።»