እርጅናን በሩጫ

ቅዳሜ ማለዳ የአዲስ አበባ ባለመኪና እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ የሚወርደው እርጅናን ሮጦ ሊያመልጥ ነው። ቦታ አመራረጡስ አይታማም፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሱሉልታ የስመ ጥር አትሌቶቻችን መለማመጃ ናት። ቀነኒሳ በቀለ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የለንደን ማራቶንን በ41 ዓመቱ፣ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ደግሞ ጎልማሳው ሁሉ የልደት ካርዱን የሚያስቀድድ ማስረጃ አገኘ። ከዚያ ሰዓት ጀርባ ከሃያ ዓመት በላይ ልምምድ እንዳለ ማን ልብ ብሎ! የእኛ ሰው ትንሽ ሶምሶማ ብሎ፣ ላቡ ሳይደርቅ ቁርጥና ቢራ ያዝዛል።

«እንቅስቃሴ ለልብና ለስኳር አይበጅም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይበጃል እንጂ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እንቅስቃሴ ብቻውን ዕድሜ የሚቀጥል ቢሆን ግን፣ ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ሁላችንንም ቀብረው በኖሩ ነበር። እነሱን ስፖርተኛ ያላቸው የለም፤ ቱታ አልለበሱማ። ሞትን አመለጥኩት ያለው ሯጭ ደግሞ የእድር መዋጮውን አንድም ወር አያዛንፍም፤ ቅጣቱን ይፈራላ!