ጋቢ ያለው ሰው ሂተር ምን ያደርግለታል?

ደብረ ማርቆስ ላይ የስፖርት መኪና መያዝ ራሱን የቻለ ድፍረት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች፤ ከጮቄ የሚወርደው የማለዳ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። የእኔዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ግን ቱሪን ላይ ለሞቀ ባሕር ዳርቻ የታሰበች ትመስላለች። ሁለት በር አላት፤ ወንበሯ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፤ ባጃጅ ሳይቀር ከላይ ወደ ታች ያያታል። ከአጎቴ የወረስኳት ስለሆነች አልሸጥም ብያለሁ። ልግዛ ብሎ የመጣ ሰው ግን እስካሁን የለም።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ውርጭ ነው። የፊት መስተዋቱ ከውስጥ ጉም ለበሰ፤ በጨርቅ ስጠርገው ቅባት ቢጤ ትቶ ይቀራል። ከጎኔ ያለው ምንጣፍ ረጠበ፤ ጣፈጥ ያለ ሽታም መኪናዋን ሞላት። ባለቤቴ አሸተተችና “ለልጆቹ ሳትሰጥ ከረሜላ የምትደብቀው የት ነው?” ብላ አፋጠጠችኝ። ከረሜላው ኩላንት ነበር። ሽታው ቢጣፍጥም መርዝ ነውና ልጅም ውሻም እንዳይልሰው ምንጣፉን አውጥቼ አጠብኩ።

ሂተር የሚባለው ከዳሽቦርዱ ሥር የተቀበረ ትንሽ ራዲያተር ነው። ከሞተሩ የሚመጣው የጋለ ውኃ በአንዱ ቱቦ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ፋኑ አየር ሲነፋበት ሙቀቱ ወደ እግር ይመጣል። የእኔው ብዙ ዘመኑን ያሳለፈው ኩላንት ሳይሆን ያገኘውን የወንዝ ውኃ እየጠጣ ስለሆነ ውስጥ ውስጡን ተበልቶ አልቋል።

መካኒኩ ጋሼ ምንጣፉ የነበረበትን ቦታ በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

“ሂተሩ ነው። ምንም አይደል፣ ሁለቱን ቱቦ ከውጭ እርስ በርስ አገናኝልሃለሁ። ውኃው ወደ ውስጥ ሳይገባ ይመለሳል፤ ቡና እስክትጠጣ ያልቃል።”

“ብርዱስ፣ ጋሼ?”

“ጋቢ የለህም?”

ለዚህ ጥያቄ ጎጃም ውስጥ መልስ የለውም። ጋቢ የለኝም ማለት ዘመድ የለኝም እንደ ማለት ነው። እዚህ የማውቃቸው አሮጌ መኪኖች አብዛኞቹ ሂተራቸው በዚሁ መንገድ ተዘግቷል፤ ባለቤቶቻቸውም ተከናንበው ይነዳሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ቮልስ አለው። ቮልስ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውኃ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያሞቀውም ጭስ ማውጫው ላይ በጋለ አየር ነው። “የእኔ አያፈስም” ይላል፣ ዘይት ዘይት እየሸተተ።

እኔን ያዳነኝ የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ቁልቁል ከሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። በዚያ ዳገት አሮጌ ሞተር መጋል ሲጀምር የድሮ ሾፌሮች አንድ ዘዴ አላቸው፤ መስኮት ከፍተው ሂተሩን እስከ መጨረሻው ይለቁታል። ትንሹ ራዲያተር የትልቁን ሸክም ይጋራል፤ ሞተሩ ሲተነፍስ ሾፌሩ ይቀቀላል። እንግዲህ ጋሼ እንዳሉት ቢዘጋ ደጋው ላይ በረድኩ ብቻ አይደለም፣ በረሃው ላይ ቀለጥኩ።

“ጋሼ፣ የደጀንን ዳገት በጋቢ ልወጣው ነው?”

ዝም አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። “እሱስ እውነትህን ነው። ላዳ ፈልግ።”

ይህ የሞተር ሳይሆን የዘር ሐረግ ምክር ነው። ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመረጠ፤ ሶቪየቶች ንድፉን ገዝተው፣ ቆርቆሮውን አጠንክረውና ሞተሩን ለውጠው ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ላይ ላዳ አድርገው አመረቱት። ላዳም አዲስ አበባ ገብቶ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆነ። ስለዚህ ለመኪናዬ ዘመድ ስፈልግ ቱሪን ድረስ መድከም አላስፈለገኝም፤ የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ በቂ ነበር። ሂተሩ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ።

የቀረው አሮጌውን ማውጣት ነው። እኔ እንደምገምተው ጣሊያኖቹ በመጀመሪያ ሂተሩን ሰቀሉ፤ ከዚያ መኪናዋን በዙሪያው ሠሩ። ወንበር ወጣ፣ ሬዲዮ ወጣ፣ የሲጋራ መተርኮሻ ወጣ፣ ዳሽቦርዱ ተፈታ። የእኔ ሥራ በጀርባዬ ተዘቅዝቄ ባትሪ ማብራት ነበር፤ ለጋሼ ካቻቢቴ ባቀበልኳቸው ቁጥር ሌላ ካቻቢቴ ነው ይሉኛል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የጃንሆይ ምስል ያለበት ሳንቲምና አንድ የሴት የፀጉር መርፌ ተገኘ። አጎቴ ወንደላጤ አልነበሩም፤ ሚስታቸው ግን በዚያ ዓይነት መርፌ ፀጉር የሚያስሩ ሴት አይደሉም። ጋሼ መርፌውን አገላብጠው አዩና ኪሳቸው ከተቱት። “ይኼ ከሂተሩ ጋር አይገናኝም” አሉ።

የላዳው አንደኛው አፍ አልገጥም ብሎ ነበር። ጋሼ በስታኞ በይደው አስተካከሉት፤ አንዱን አፍ ደፍነው በሌላው በጎማ መንፊያ አየር እየሰጡ ባልዲ ውኃ ውስጥ አጠለቁት። አረፋ አልወጣም። ኩላንት ሲሞላ የመኪናዋን አፍንጫ ሽቅብ ዳገት ላይ አቆምናት፤ ውስጡ የቀረው አየር ወደ ራዲያተሩ አፍ ወጥቶ እንዲያመልጥ ነው። ክዳኑም ተለወጠ። ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው (ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም ለዚሁ ነው)፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ኩላንቱ ቶሎ ፈልቶ ይገነፍላል።

በማግስቱ ማለዳ ጋሼን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ሉማሜ ነዳሁ። ሂተሩ ነደደ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ጋቢያቸውን ግን አልገለጡም።

“እንዴት ነው፣ ጋሼ?”

“ደግ ነው። አፍንጫ ያደርቃል።”

እና አሮጌ ላዳ ልትበትኑ ያሰባችሁ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ የሂተሩን የውኃ መክፈቻና መዝጊያ አትጣሉት፤ የእኔው ትናንት ማንጠባጠብ ጀምሯል።