የሰደፍ ጎማ አበሳ

እዚህ ቨርጂኒያ የአጋዘን አደን ወቅት በተቃረበ ቁጥር ዒላማ ሜዳ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሁሉ ትከሻውን እያሻሸ ነው የሚመለሰው። ሰርቲ-ኦት-ሲክስ የምንለውን ጥይት የአሜሪካ ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፤ ዛሬም ከአዳኝ እጅ አልወጣም። ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ከሚመዝን ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ኃይል ወደ 27 ጁል ይጠጋል። ያንን ሁሉ የሚቀበለው ትከሻ ነው። በትከሻውና በሰደፉ መካከል ፋብሪካው ያስቀመጠልን ደግሞ በብዙ ጠመንጃ ላይ ስስ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ጎማ ሆነ ከተባለም የጠጠረ ጎማ።

ነገሩ የምቾት ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችለን ዝም ባልን። ትከሻው አንዴ የታመመ ተኳሽ ግን የሚቀጥለውን ምት አስቀድሞ ይፈራል። ዓይኑን ይጨፍናል፤ ምላጩን ቀስ ብሎ መጫን ሲገባው ይነጥቀዋል። ሳንባ መምታት የነበረበት ጥይት ሆድ ላይ ያርፍና አጋዘኑ ቆስሎ ጫካ ይገባል። ይህን ያየ ሰው የሰደፍ ጎማ ቅንጦት ነው አይልም።

እሺ፣ ጎማ እንግዛ። ካርቶኑ ላይ የጠመንጃችን ሞዴል ተጽፏል፤ «ያለምንም ማስተካከያ ይገጥማል» ተብሏል። ቤት ወስደን ሰደፉ ላይ ስናስጠጋው በአንድ ጎን ሦስት ሚሊሜትር ይተርፋል፣ ከታች በኩል ደግሞ እንጨቱ ራሱ አፍጥጦ ይወጣል። አንድ ዓይነት ሞዴል የሚባሉት የእንጨት ሰደፎች መጨረሻ ላይ ስለሚሞረዱና ስለሚለሰልሱ ሁለቱ ልክ አንድ አይሆኑም። ይህን ሻጩም አምራቹም ያውቃል። የጎማው ቁመትና ወርድ፣ የሁለቱ ብሎኖች ርቀት በሚሊሜትር ካርቶኑ ላይ ቢጻፍ ግማሹ ጣጣ ይቀርልን ነበር፤ ብዙዎቹ ግን አይጽፉትም።

የብሎኑ ነገር ከሁሉ ይብሳል። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ሲርቅ መሰርሰሪያው እየተንሸራተተ ወደ አሮጌው ቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌውን በእንጨት ቁራጭና በኮላ መድፈን፣ አድሮ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ እንደ አዲስ መብሳት ነው። ሰደፉ ፕላስቲክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሚበሳ ነገር የለውም፤ ከፋብሪካው ቀዳዳ ካልገጠመ አበቃ። ብሎኑ የሚገባው ደግሞ በጎማው ጀርባ በኩል ነው። በምላጭ ትንሽ ስንጥቅ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ካቻቪቴው ላይ ቫዝሊን ካልተቀባ ሲዞር ጎማውን ይዞ ይበጥሰዋል። የብሎኑ ራስ ጎማው ውስጥ ስለሚሰወር እጃችን የሚሠራውን ዓይናችን አያየውም።

ትርፉን ጎማ መሞረድ ሌላ ጣጣ ነው። ሰደፍ ወደ ታች በኩል ያዘነብላል፤ ጎማውም ያንን ዝንባሌ ተከትሎ ካልተሞረደ ደረጃ ይሠራል። በሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ሲነካ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ ጥቁሩ ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ቫርኒሹን ለመከላከል ሰደፉ ዙሪያ ፕላስተር እንለጥፋለን፤ ወረቀቱ አንዴ ሳት ካለ ግን ፕላስተሩንም ቫርኒሹንም ይዞ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጠመንጃው ረዝሟል። ስስ ፕላስቲክ ተነስቶ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጎማ ሲገባ ሰደፉ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ ይጨምራል። በወፍራም የክረምት ጃኬት ላይ ሲነሳ ብብት ሥር ይይዛል፤ የማነጣጠሪያው መነጽርም ከዓይን ይርቃል። መፍትሔው እንጨቱን በመጋዝ መቁረጥ ነው። ያውም የተከፈለበትን እንጨት፣ መመለሻ በሌለው መጋዝ። በተለይ አጫጭር ሰዎችና ብዙ ሴቶች መጀመሪያውኑ በረዘመባቸው ሰደፍ ላይ ነው ጎማ የሚጨምሩት።

አንጀቴን የሚያቃጥለው ሰደፍን በሰው ቁመት ልክ መሥራት አዲስ እውቀት አለመሆኑ ነው። የእንግሊዝ ጦር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሊ-ኤንፊልድ ጠመንጃው የተለያየ ርዝመት ያለው ሰደፍ ነበረው፤ መደበኛ፣ በግማሽ ኢንች የሚያጥር፣ በግማሽ ኢንች የሚረዝም፣ ለአጫጭር ወታደሮች ደግሞ በአንድ ኢንች የሚያጥር። ከመደበኛው የተለየው ሁሉ ፊደል ተመትቶበት ነበር። ወታደር እንደ ቁመቱ ሰደፍ ካገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ከፍለን የምንወስደው ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልክ ብቻ ነው። ከሰደፉ ጋር እየተጨመረ የሚያረዝም ቁራጭ የሚሰጡ አሉ፤ ይመስገኑ። የቀሩት ግን ያልጨረሱትን ሥራ ለገዢው ያስረክባሉ።

ጠመንጃ ሠሪ ጋ ውሰዱት ትሉ ይሆናል። በጥሩ እጅ ሲሠራ የጎማውና የእንጨቱ መጋጠሚያ በጣት አይለይም፤ ገንዘቡ ይገባዋል። ችግሩ ሁላችንም በአንድ ሰሞን ስለምንሄድ ወረፋው የአደኑን ወቅት ያልፋል። የጎማ ነገር ሆኖ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። በዓመታት ውስጥ አንዳንዱ ይሰነጣጠቃል፣ አንዳንዱ ይቀልጥና ካቆሙበት መደርደሪያ ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ ያው ሞዴል ከገበያ ወጥቷል፤ የተተካው ደግሞ የብሎኑ ርቀት ሌላ ነው።