ቤቱን ሠርቶ ደጃፉን ለረሳው ክፍል

ለሞተርሆም አምራቾች የዲዛይን ክፍል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የመግቢያ ደረጃን ይመለከታል

ሞተርሆም በጭነት መኪና ወይም በቫን ሻንሲ ላይ የተሠራ ቤት ነው። ወለሉ ከሻንሲው በላይ ያርፋል፤ ከሥሩ ደግሞ የንጹሕ ውሃው፣ የእጣቢውና የሽንት ቤቱ ታንከሮች ይታጨቃሉ። በዚህ ምክንያት የብዙዎቹ ወለል ከመሬት ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ላይ የተከበረው የዲዛይን ክፍል አልጋውን፣ ሻወሩን፣ ፍሪጁንና ማይክሮዌቩን አንድ ጣት ቦታ ሳያባክን አደላድሏል፤ ለዚህ ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ሰው በምን ይገባል የሚለው ነበር። መልሱ፣ ከውጤቱ እንደሚታየው፣ ሠራተኞቹ ለምሳ ሊወጡ ሲሉ በችኮላ የተሰጠ ይመስላል።

ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ሞተርሆም የዓባይ ተቃራኒ ነው። ማደሪያውን ይዞ ይዞራል፤ ያጣው ግንዱን ነው፣ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበትን።

የደረጃ ነገር ደግሞ ትናንት የተጀመረ ጥበብ አይደለም። ፈረንሳዊው አርክቴክት ፍራንስዋ ብሎንዴል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሰው እርምጃ ተነሥቶ አንድ ቀመር አስቀምጧል፤ የእርከኑ ከፍታ በሁለት ተባዝቶ የመርገጫው ጥልቀት ሲደመርበት ወደ 65 ሴንቲሜትር መጠጋት አለበት። 18 ሴንቲሜትር ከፍታና 29 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ተራ የቤት ደረጃ ልክ ይመጣለታል። በሞተርሆም ላይ ግን 28 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው እርከን ብርቅ አይደለም። ሒሳቡ ሲሠራ ለመርገጫው የሚተርፈው 9 ሴንቲሜትር ነው፤ ይህ ደግሞ ደረጃ ሳይሆን መሰላል ነው። ክፍሉ መሰላል መሥራቱን ቢያምን ኖሮ ጠቡ በግማሽ በቀለለ ነበር። በመሰላል ላይ ፊቱን ወደ ሜዳ አዙሮ፣ በሁለት እጁ ዕቃ ይዞ የሚወርድ የለምና።

ከከፍታው ይልቅ የሚጎዳው አለመመጣጠኑ ነው። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የሚሠሩበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮድ፣ በአንድ ደረጃ ላይ ከሁሉ በሚረዝመውና ከሁሉ በሚያጥረው እርከን መካከል ያለው ልዩነት ከ3/8 ኢንች እንዳይበልጥ ያዛል፤ አንድ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ ቀላል ነው። እግር ልኩን ከመጀመሪያዎቹ እርከኖች ይማራል፤ የቀሩትን ሳያይ ይረግጣል። የሞተርሆም የታችኛው እርከን ከመሬት ያለው ርቀት ግን በየማደሪያው ይለያያል። መሬቱ ተዳፋት ሲሆን መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ይስተካከላል፤ በሩ ያለው በቁልቁለቱ በኩል ከሆነ ትናንት 25 ሴንቲሜትር የነበረው ዛሬ 40 ሆኖ ያድራል። አልጋው ተስተካክሏል፣ እንቁላሉ ከመጥበሻው አይንሸራተትም፤ የሚንሸራተተው ሰውየው ብቻ ነው። ደብረ ዳሞ የሚወጣ ምእመንም 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ እዚያ ግን ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያውቃል፣ ከላይም የሚስብ መነኩሴ አለ።

በሩ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው አንዱን እርከን ይወጣል፣ ሁለተኛውን ይወጣል፣ እጀታውን ይስባል፤ በሩ ወደ ደረቱ ሲመጣ ወደ ኋላ መሸሽ ይኖርበታል። ከኋላው ያለው ደግሞ አየር ነው። ልምድ ያለው ሰው መሬት ላይ ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ በሩን ከከፈተ በኋላ ይወጣል። ልምዱ የሚገኘው ግን አንድ ጊዜ ከወደቁ በኋላ ነው። በግራ በኩል በሚነዳባት በእንግሊዝ አገር፣ ከአውሮፓ በሩ በቀኝ ሆኖ የመጣ ሞተርሆም ይህን ሁሉ ትርኢት መኪና በሚያልፍበት በኩል ያሠራል።

ክፍሉ ቅሬታውን ሰምቶ ዝም አላለም፤ ደረጃውን ኤሌክትሪክ አድርጎታል። አሠራሩ ሲያዩት ያስደስታል። ከበሩ ጋር የተገጠመ ማግኔት መከፈት መዘጋቱን ያሳውቃል፤ በሩ ሲከፈት ባለ 12 ቮልቱ ሞተር ደረጃውን ይዘረጋል፤ በሩ ተዘግቶ ሞተር ለማስነሣት ቁልፍ ሲዞር ደግሞ መንገድ ላይ አጥር እንዳይገጭ ይሰበስበዋል። ጭቃ፣ ጨውና በረዶ እስኪገቡበት ድረስ እንከን የለውም። ማግኔቱ ከቦታው ትንሽ ሲንሸራተት፣ ባትሪው ሲደክም ወይም በበሩ አጠገብ ያለችውን ማብሪያ አንድ ልጅ ሲያጠፋት ግን በሩ ይከፈታል፣ ደረጃው አይከተልም።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው ማታ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ጥላ ፍለጋ መኪናውን አሥር ሜትር ያስጠጋል፤ ደረጃው ተሰብስቦ ይቀራል። ውስጥ ቡና ፈልቷል። የቤቱ እናት በአንድ እጅ ጀበናውን፣ በሌላው ስኒ የተደረደረበትን ረከቦት ይዘው፣ በሩን በክርናቸው ገፋ አድርገው ይወጣሉ። እግራቸው ጠዋት ያውቀው ወደነበረው እርከን ይሄዳል፤ እርከኑ የለም። መመሪያ መጽሐፉ ከመውረድ በፊት ደረጃው መዘርጋቱን ማየት እንደሚገባ አስጠንቅቋል፤ ስለዚህ በመጽሐፉ ሚዛን ጥፋተኛዋ ጀበናዋ ናት። እጀታም በበሩ አጠገብ አለ፤ የሚይዘው ሦስተኛ እጅ አብሮ አልተሸጠም እንጂ።

በአሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳ ሐበሻ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። የፌዴራሉ ደንብ ሞተሩ ከጋቢናው ሥር ለሆነ ከፍ ያለ የጭነት መኪና የሚገጠሙት መርገጫዎችና መያዣዎች፣ ወጪና ወራጁ ከአራት እጅና እግሩ ሦስቱን ምንጊዜም መኪናው ላይ እንዲያቆይ የሚያስችሉ ይሁኑ ይላል። ሾፌሩም ፊቱን ወደ ጋቢናው አዙሮ ይወርዳል። ሞተርሆም ከዚህ ደንብ ውጪ ነው። ከባድ ጭነት የሚጎትተው ሰው በሥርዓት ይወርዳል፤ አያት ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ይወርዳሉ።

ክፍሉ ምሳውን እስኪጨርስ ተጠቃሚው የራሱን ዘዴ ዘይዷል። በጣም የተለመደው ከታችኛው እርከን ፊት የሚገለበጠው የፕላስቲክ የወተት ሳጥን ነው። ርካሽ ነው፤ ጠርዙ ሲረገጥ ይገለበጣል፤ ሲሄዱም ከኋላ ይረሳል። ሰፊና እግሮቹ ለየብቻ የሚረዝሙ የአሉሚኒየም መርገጫ በብዙ ይሻላል። ታጣፊው ደረጃ የሚወዛወዘው የማጠፊያ ፒኑ ሲበላ ነው፤ ፒኑ ይቀየራል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ከታችኛው እርከን ሥርም እየተሽከረከረ የሚረዝም ትንሽ ድጋፍ ይቆማል። ድጋፉ የሚገባው ግን መኪናው ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባና መኪናው ዝቅ ካለ የቤቱ ክብደት በሙሉ ደረጃው ላይ ተጭኖ ያጣምመዋል። ሸካራ ፕላስተር ለመርገጫው፣ መብራት ለጠርዙ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ መደገፊያ ለበሩ ጎን ይጨመራል። ጀበናው ከውስጥ ወደ ውጭ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ሰውየው ባዶ እጁን፣ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ ይወርዳል።

ከሁሉም የሚሻለውን ኢንዱስትሪው ራሱ ያውቀዋል። ከበሩ ደፍ ላይ ተገልብጦ የሚወርድ፣ እግሮቹ መሬት የሚረግጡና ቁመታቸው እንደ መሬቱ የሚስተካከል ደረጃ ተሠርቶ ይሸጣል። ስለማይንጠለጠል አይወዛወዝም፤ መሬቱ ሲርቅ እግሩ ይረዝማል። በአንዳንድ ተሽከርካሪ ላይ ከፋብሪካ ተገጥሞ ይወጣል፤ በሌላው ላይ ቤቱን በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰው ደጃፉን ለብቻው ይገዛል።

ከሠላምታ ጋር

አባሪ፦ አንድ የወተት ሳጥን፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ