በፒንሳ የሚከፈተው ቧንቧ፦ አነስተኛ ጥናት

በአማርኛ «ቧንቧ» የማይሸከመው ነገር የለም። መሬት ውስጥ የተቀበረው ብረት ቧንቧ ነው፤ ከጡብ ግድግዳ አፍንጫውን ብቅ ያደረገው መክፈቻም ቧንቧ ነው፤ «ቧንቧ ገባልን» ሲባል ደግሞ ውሃው ራሱ ነው። ስለዚህ አንድ የከሚሴ አባወራ «ቧንቧው ተበላሽቷል» ሲል ሰሚው ከአንዲት ጎማ አንሥቶ እስከ ሰፈሩ መስመር ድረስ መጠርጠር ይችላል። ይህ ጥናት የሚመለከተው መካከለኛውን ብቻ ነው፤ ግቢ ውስጥ፣ የቆላ ፀሐይ እየጠበሰው፣ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚኖረውን።

የሚጠመዘዘው መክፈቻ እ.ኤ.አ. በ1845 እንግሊዝ አገር ሮዘራም ከተማ መመረት ጀመረ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1886 ዓ.ም. ግድም፣ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ፣ ቤተ መንግሥታቸው ድረስ ውሃ በቧንቧ አስመጡ። ከዚያ ወዲህ ሥሪቱ እምብዛም አልተለወጠም፦ የናስ ዘንግ ይጠመዘዛል፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጎማ ወርዳ ቀዳዳውን ትደፍናለች። ሕመሙ ሁሉ ከዚችው ጎማና ከዚሁ ዘንግ ነው።

ሕመሙ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው አንጠባጣቢ ነው። በሴኮንድ አንዲት ጠብታ፣ ጠብታዋም ሩብ ሚሊ ሊትር ብትሆን፣ በ24 ሰዓት 21 ሊትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን ከነምርቃቱ። ውሃን ባንዱ ቤት ውሃ፣ በሌላው ቢሻን በሚሉባት ከሚሴ ጠብታው በሁለቱም ቤት ያው ጠብታ ነው። ሥሩ ባልዲ ይቀመጣል። ባልዲው ከተቀመጠ በኋላ ግን ብልሽቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ዘዴ ስለሚሆን የሚጠግነው አይገኝም።

ሁለተኛው ካንገቱ የሚያለቅሰው ነው። ፌስታል ይጠመጠምለታል። ከዚህ የበለጠ የሚነገርለት የለም።

ሦስተኛው፣ ሊቃውንት የዘነጉት፣ እጀታ የለሹ ነው። እርሱም ራሱ ሁለት ወገን አለው። በአደጋ እጀታውን ያጣ አለ፦ ሕፃን ተንጠላጥሎበት፣ ወይም ፍየል ታስሮበት። በፖሊሲ እጀታውን ያጣም አለ፦ ልጆች ውሃ እንዳያባክኑ፣ ተከራይም እንዳይዳፈር፣ ባለቤቱ ራሱ ነቅሎ ከቤቱ ካርታ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፈበት። የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው፤ ፒንሳ።

ፒንሳ ከካቻቢቴ ጋር ከጣሊያንኛ መጥቶ ቤተኛ የሆነ ቃል ነው። ዕቃውም ቤተኛ ሆኖ በር ጀርባ የራሱ ምስማር አለው። ምስማሩ ላይ ካልተገኘ ቤተሰቡ ሁሉ ይመረመራል፤ በመጨረሻ ጎረቤት ተውሶት ይገኛል፣ የእርሱም ቧንቧ እጀታ የለውማ። እንግዳ ለመግሪብ ውዱእ ሊያደርግ ማንቆርቆሪያ ይዞ ሲወጣ ባለቤቱ ፒንሳ ይዞ ይከተለዋል፤ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ጠብ ይመስላል። እያደር ፒንሳው ዘንጉን ይበላዋል። አራት ማዕዘን የነበረው ጫፍ ይዶለዱማል፣ ቀጥሎ ይከብባል፣ በመጨረሻም ፒንሳው ዝም ብሎ ይዞርበታል። «እንቀይረው» የሚል ቃል የሚተነፈሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ባለሙያው ይመጣል። «አብሽር፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» ይላል። አዲሱ ቧንቧ «ግማሽ ኢንች» ይባል እንጂ የጥርሱ ውጫዊ ስፋት 21 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ከግማሽ ኢንች በጣም ይበልጣል። ስሙ የተወረሰው ከቱቦው የውስጥ ስፋት ነው፤ ባለሙያ አይጠይቅም፣ ባለሱቅም አያብራራም። አሮጌው ግን ዓመታት ዝጎ ከግድግዳው ቱቦ ጋር አንድ አካል ሆኗል። ሕጉ ሁለት መፍቻ ነው፤ አንዱ ቱቦውን ባለበት ይይዛል፣ ሌላው ቧንቧውን ይፈታል። የመጣው መፍቻ ግን አንድ ነው። ጡቡ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም ይሰማዋል፣ ማንም አይናገርም። ከዚያ መሮና መዶሻ ይጠየቃል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ አንድ ጡብ፣ ቀጥሎም ጎረቤቱ ይወጣል። የአምስት ደቂቃዋ ሥራ አሁን ግንበኛ ትፈልጋለች።

ቴፍሎኑ የሚጠመጠመው ቧንቧው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲጠብቅ ተላቅቆ እንደ ጥምጣም ጭራ ይንጠለጠላል። በሁለተኛው ሙከራ ይሳካል። አዲሱ ቧንቧ ከነእጀታው ያበራል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይከፍተዋል። ምንም የለም፤ ፈረቃው የሌላ ሰፈር ነው።

ስለዚህ ክፍት ይተዋል፣ ሥሩም ባልዲ ይቀመጣል። አራተኛው መደብ፣ ማለትም አየር የሚተነፍሰው ቧንቧ፣ እዚህ ላይ ሊተነተን ታስቦ ነበር። ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ «ሹ...» ሲል ተሰማ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ ወጣ፣ ባልዲው አልበቃ አለ፣ እናትየዋም ከእንቅልፏ ሳትነቃ በልማድ በር ጀርባ ፒንሳውን ትደባብስ ነበር።