የሌባ ደቂቃ

ውድ ዕቃን ቤት ውስጥ መደበቅ የሁሉም ሰው ሙያ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ የትምህርት ክፍል አልተከፈተለትም። ይህ ጥናት ክፍተቱን በመጠኑ ለመድፈን ተነሥቷል። ዋናው የጥናት መስክ አል-ጣኢፍ ነው፤ በምሥራቅ ካርቱም፣ ከሪያድና ከአርኮዊት ሰፈሮች አጠገብ የሚገኝ፣ ግቢው ሰፋ ያለ፣ የብረት በሩ ጌጠኛ የነበረ የደህና ኑሮ ሰፈር። ለማነጻጸሪያ አዲስ አበባ ተወስዳለች።

ከአዲስ አበባ እንጀምር። መደበቂያዎቹ ብዙ ይመስላሉ እንጂ ጥቂት ናቸው። ወርቅ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከታጠፈው የሐበሻ ቀሚስ ሥር ይቀመጣል። ባለቤቷ ጠርጣራ ከሆነች ዱቄት ውስጥ ይገባል። ጥሬ ብር ፍራሽ ሥር ያድራል፤ በርከት ሲል ባልየው ለሠርጉ አድርጎት ዳግም ወዳልነካው ጫማ ይዛወራል። የቤት ቁልፍ ከበሩ መቃን በላይ ነው፤ መቃኑ ታውቋል ተብሎ ሲፈራ ወደ አበባ ማሰሮው ይወርዳል። የዚህ ቁልፍ ምሥጢር የሚጠበቀው ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሆኖ በስልክ «እዛው ቦታ ነው፣ ከአበባው ሥር!» እያሉ በመጮኽ ነው።

ችግሩ ሰርሳሪውም የእናት ልጅ መሆኑ ነው። እናቱ ለሠርግ ስትዘጋጅ ወርቋን ከየት እንደምታወጣ እያየ አድጓል። ደባቂና ፈላጊ አንድ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ደባቂው አንዳንዴ የደበቀበትን መርሳቱ ብቻ ነው።

የውጭ መከላከያው ሰርሳሪውን የሚያግዝበት ጊዜም አለ። አጥር ጫፍ ላይ የሚተከለውን የጠርሙስ ስባሪ እንውሰድ። እጅ ይቆርጣል ተብሎ ቢተከልም በተግባር የቤተሰቡ የገቢ መግለጫ ነው። ስባሪው የቢራ ከሆነ ሰርሳሪው ያልፋል፤ የውስኪ ከሆነ ካርቶን አጣጥፎ አጥሩ ላይ ጣል ያደርግና ይገባል። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ጽሑፍ ከውሻው የበለጠ ዕድሜ አለው። ሰው ያለ እንዲመስል ተብሎ በርቶ የሚያድረው አምፖል በማግስቱ እኩለ ቀን ላይም እየበራ ባለቤቶቹ ክፍለ ሀገር መሄዳቸውን ለመንደሩ ያውጃል። የመኪና ስፖኪዮ ላይ የታርጋ ቁጥር ማስቀረጽ ደግሞ አለ፤ ስርቆቱን ባያስቀርም ዕቃው የማን እንደነበር ለቀጣዩ ገዢ በግልጽ ያስረዳል።

አያቶቻችን በመደበቅ ብዙ አልደከሙም፤ የተካኑት ከጠፋ በኋላ በመፈለግ ነው። አውጫጭኝ ሲጠራ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። በሌባ ሻይ ደግሞ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡ ታስሮ ይለቀቃል፤ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ዕዳ ከፋይ ይሆናል። ኋላ መንግሥት ከለከለው። ፍትሑ ቢያጠያይቅም በፍጥነቱ ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ካሜራ አይደርስበትም፤ ካሜራው ያተረፈልን የአንድ ባለኮፍያ ሰው ጀርባ ነው።

ወደ አል-ጣኢፍ እንሻገር። የሱዳን ቤት የራሱ ዘዴ ነበረው። በሙቀቱ ወራት ቤተሰቡ አንገሬብ የሚባለውን በገመድ የተጠለፈ አልጋ አውጥቶ፣ ሖሽ በሚሉት ግቢ ውስጥ ስለሚተኛ፣ ሐራሚ የሚሉት ሌባ በር ጋ ለመድረስ አያትን፣ አጎትንና የልጅ መዓትን መራመድ ነበረበት። የሱዳናዊት ቁጠባ ወርቋ ነው፤ መሐል ካርቱም ካለው የወርቅ ገበያ፣ ከዒማረት አድ-ደሀብ፣ ተገዝቶ ይመጣ፣ ቁም ሳጥን ይገባ፣ ለሠርግ ይወጣ ነበር። ቦታውን የምታውቀው እመቤቲቱ ብቻ ናት ይባል ነበር። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ሲያጸዱ የነበሩት ግን ብዙዎቹ የእኛ አገር ልጆች ናቸው፤ በየቀኑ አቧራ የሚጠርግ ሰው ደግሞ የማያውቀው ስውር ቦታ የለም። ዕቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠየቀው ይህችው ሠራተኛ ልጅ ነበረች፤ ወርቁ እመቤቲቱ ራሷ ካዛወረችበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ።

የልጅቷ ገንዘብ ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ዕቁብ ላይ ነበር። ሱዳኖቹ ሰንዱቅ የሚሉት ይህ ነገር በጥናታችን ከተመዘኑት ካዝናዎች ሁሉ ይልቃል። ገንዘቡ በየሰው ቤት ተበትኖ ስለሚኖር ሰርሳሪው የማኅበሩን አባላት በሙሉ መዝረፍ አለበት፤ ዕጣ የወጣላትም ሳይውል ሳያድር ወደ አገር ቤት ትልከዋለች።

የተቀሩት መከላከያዎች የሚለኩት በሌባ ደቂቃ፣ ማለትም ሌባውን በሚያቆዩበት ጊዜ፣ ነው። ጠርሙሱ ጥቂት ደቂቃ ይገዛል፣ ጓጉንቸሩ ይጨምርበታል፣ ዱቄቱ ያስነጥሰዋል። የውጭ አገር ካዝና ሠሪዎችም «አይሰበርም» ብለው አይፈርሙም፤ በመሰርሰሪያና በመቁረጫ ተፈትኖ 15 ደቂቃ ወይም 30 ደቂቃ ይቋቋማል ይላሉ። ሳይንሱ በሙሉ ሰርሳሪው ይቸኩላል፣ ጎረቤት ይነቃል፣ ፖሊስ ይመጣል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተጀመረ። ቅዳሜ ነበር፤ ለእኛ ቀዳም ስዑር፣ ለሱዳኖቹ የረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት። ከሱዳን ሠራዊት ጋር የተዋጉት የፈጥኖ ደራሽ ኃይል ታጣቂዎች አብዛኛውን ካርቱም ያዙ፤ ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን ያስመለሰው መጋቢት 12 ቀን 2017 ነው። የሌባ ደቂቃ ንድፈ ሐሳብ እዚህ ላይ ፈረሰ። ጎረቤቱ ተሰዷል፣ ፖሊስ የለም፣ ሰርሳሪውም ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለው። በባለቤቱ ብርጭቆ ሻይ እየጠጣ ይሠራል። መጀመሪያ መኪናና ወርቅ ሄደ፤ ቀጥሎ ፍሪጅና አልጋ። ወርቅ ተቀብሮ ይሆናል ተብሎ ወለል ተነቀለ፣ ግቢ ተቆፈረ። በመጨረሻ ግድግዳ እየተሰነጠቀ የኤሌክትሪክ ገመዱ ለመዳቡ ሲባል ተመዘዘ። ካርቱማውያን ሸፍሸፋ ይሉታል። ብዙ አባወራ ግድግዳው ውስጥ ሀብት እንደነበረው የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

ጥሬ ገንዘቡን ከዚህ ሁሉ ያተረፈም አላረፈም። በታኅሣሥ 2017 የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ በሠራዊቱ ይዞታ ሥር ባሉ አካባቢዎች የ500 እና የ1000 ፓውንድ ኖቶችን መለወጥ ጀመረ፤ በታጣቂዎቹ ይዞታ የቀረ ሰው ባንክ ከየት ያምጣ? እኛም በመስከረም 2013 የብር ኖት ሲለወጥ አይተነዋል፤ መንግሥት አንድም ፍራሽ ሳያገላብጥ ከፍራሽ ሥር ያለው ሁሉ በራሱ እግር ወጥቶ ባንክ በር ላይ ተሰለፈ።

አንድ መከላከያ ብቻ ፈተናውን አልፏል፤ ክብደት። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፎ ሲያበቃ የፈርዖን ታሃርቃ ግዙፍ የድንጋይ ሐውልት እዚያው ቆሞ ተገኝቷል። ከዚህ ተነሥተን ቤተሰቦች ቁጠባቸውን ከወርቅ ወደ ወፍጮ ድንጋይ እንዲያዞሩ እንመክራለን።

ከየቤቱ የተዘረፈው ዕቃ የተቸረቸረው ሕዝቡ በታጣቂዎቹ መሪ የቤተሰብ ስም «የደጋሎ ገበያ» ባላቸው ቦታዎች ነው። ስፖኪዮው ጠፍቶበት ወደ መኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ለወረደ አዲስ አበቤ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ለካርቱማዊውም ለአዲስ አበቤውም የምንሰጠው ምክር አንድ ነው። ዕቃችሁን ከሩቅ ብታውቁትም አትሩጡ። መጀመሪያ ሌላ ዕቃ ጠይቁ። ከዚያ እንደ ዋዛ አንሡትና እንከኑን ዘርዝሩ፤ ከሻጩ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እጀታው ይላላል፣ በሩ በግራ በኩል አይገጥምም። «የኔ ነው» የምትል ቃል ግን እንዳታመልጣችሁ፤ ዋጋው ይጨምራል።